አራት ተሸካሚ

ሰኞ

ነርሷ «አባባ፣ መቼ እንዳገላበጧት፣ ምን እንደቀመሰች ይጻፉልኝ» ብላ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። እጽፋለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያውም ከተጋባን በኋላ። ጽሕፈቴ ሚስማር የበሳው ቆርቆሮ ይመስላል፤ ቢሆንም ይነበባል።

ጠዋት በግራ ጎኗ። ቀትር ላይ በጀርባዋ። ሾርባ ቀመሰች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷም ባሏን፣ እኔም ሚስቴን ከቀበርን ወዲህ እኔ ቤት፣ ፎቁ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ነርሷ እንደምትለው ዳሌዋ ተሰብሯል። ሳትታጠፍ፣ እንደተኛች ሆስፒታል መሄድ አለባት። «ቶሎ ነው አባባ፣ ካልሆነ ጀርባዋ ይቆስላል» አለች። እሺ ብያለሁ።

ማክሰኞ

አምቡላንሱ መጣ። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወጡ። ደረጃዬ መሃሉ ላይ ይጠመዘዛል። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ፣ አንዲት ጣውላ ሳላባክን፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ትልቁ ሰውዬ «አራት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ጎረቤት ይጥሩልን» አለኝ። በደግ ነው የተናገረው። ወጣቱ ግን ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

«ይህን ደረጃ የሠራው ሰውዬ ለድመት ነው የሠራው።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ድመቶቹን ይጥሩልን!»

አስወጣኋቸው። በሩንም ዘጋሁት።

እትዬ ከውስጥ «ሄዱ?» አለች። ሌላ ቀን ይመጣሉ አልኳት።

በቀኝ ጎኗ። በጀርባዋ። ምሳ አልበላችም።

ሐሙስ ማታ

«አንብብልኝ» አለችኝ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ግን ወንጌሉን በጆሮዋ ጠጥታዋለች፤ አንድ ቃል ብዘል ታርመኛለች። ማርቆስን ገለጥኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩላት። ሽባውን አራት ሰው ተሸክሞ መጣ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጣሪያው ላይ ወጡ፤ ነደሉት፤ ሰውዬውን ከነአልጋው አወረዱት።

ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ ሠሪ ነኝና አናደደኝ። «ስለ ቤቱ ባለቤት አንድ ቃል አይናገርም እኮ! ማግሥቱን ዝናብ ቢመጣ ማን ደፈነለት?»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ከጣሪያው ጋር ነህ። የተኛውን ሰውዬ ተመልከት።»

«የተኛውማ ምንም አልተናገረም።»

«ኧረ ገባህ! ምንም አላለም። ያመኑት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ጌታ ያየላቸው የእነሱን እምነት ነው፤ እሱ ዝም ብሎ ተኝቶ ዳነ።» ዓይኗን ጨፍና «ያ ሰው ግን አራት ሰው ነበረው» አለች።

ነገሩ ለማን እንደተወረወረ አላጣሁትም። መጽሐፉን ዘጋሁ። አሁን ብቻዬን ሆኜ ሳስበው፣ አራቱ ሰዎች መጀመሪያ እንዴት ተገኙ? ማን ሄዶ ጠራቸው? ማርቆስ ይህንንም ዘሎታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ

ችኮላ ላይ ነኝ። ግራ ጎን። ጀርባ። ቀኝ ጎን። ሁለት ማንኪያ ገንፎ። ነርሷ መጣች። አምቡላንሱ ምን ሆነ አለች። አልቻሉም አልኳት። አልዋሸሁም፣ አልቻሉምና። እንደገና ልጥራቸው አለች። እኔ አመቻቻለሁ አልኩ። ወገቧ ላይ የቀላ ነገር አለ አለች።

እሑድ

የጸሎት ቤቱ ዝማሬ እዚህ ድረስ ይሰማል። እትዬ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሳትወድቅ በፊት አንድም እሑድ አልቀረችም። እኔ ከቀረሁ ቆየሁ። የዚያን ቤት ጣሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ማፍሰስ ሲጀምር እኔን ሳይጠሩ ሌላ ሰው አምጥተው አስለጠፉት። ያውም ማንን? ሥራ ከእኔ እጅ የለመደውን! ሲሊኮን ብዬዋለሁ፤ ቀዳዳ ባየ ቁጥር ሲሊኮን ይጨምቅበታልና። ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ ልሥራው ወይ?» እንኳ አላለም።

ከዝማሬው በኋላ ሁለት ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ተኝታለች አልኳቸው። ተኝታም ነበር። መቼ ትቆማለችና።

ማክሰኞ

ጠብ የሌለኝን ሰው ልቆጥር ሞከርኩ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ያለ ፈቃዴ ታፔላውን አሸንዳዬ ላይ ስለሰቀለ አንነጋገርም። ሲሊኮንን ያስመጣው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ያው ነው። ሲሊኮን ያው ነው። የቀሩት ሞተዋል። ሙታን ደግሞ ቃሬዛ አይዙም።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ስለ ጥንቶቹ አማኞች አነበብኩላት። ንብረታቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፣ በደስታ ይመገቡ ነበር ይላል። ችግረኛም አልነበረባቸውም።

«እነዚያ ሌላ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማን አለ?» አልኳት።

«ምን ሌላ ናቸው? ለመበለቶቹ ምግብ ሲታደል እኛ ተዘለልን ብለው ሲያጉረመርሙ አልነበረም? ጳውሎስና በርናባስስ ተጣልተው መንገድ ለመንገድ አልተለያዩም?»

ደስ አለኝ። «ይኸው! ጳውሎስም ተጣልቷል።»

«ተጣልቷል። በማን ምክንያት ነው የተጣሉት? በማርቆስ። ጳውሎስ አንዴ ጥሎን ሄዷል፣ ሁለተኛ አልወስደውም ብሎ ነው። ኋላ እስር ቤት ሆኖ፣ ብርድ ሲይዘው፣ ምን ብሎ ጻፈ? ቶሎ ና፣ ካባዬን አምጣልኝ፣ ማርቆስንም ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛል አለ። ጳውሎስን የሚያህል ሰው!»

ገጹን ገለጥኩ።

«ይኸው ስታነብልኝ የሰነበትከውም የዚያው የማርቆስ ነው ይላሉ» ብላ ጨመረችልኝ። እትዬ ስትመታ ሁለቴ ነው የምትመታው።

ያዕቆብም «የታመመ ቢኖር ሽማግሌዎችን ይጥራ» ይላል አለች። ይጥራ እንጂ ይደበቅ አይልም አለች። ማን ደበቀሽ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መዞር የምትችለው ፊቷን ብቻ ነው።

ዓርብ

አገኘሁት! ጳውሎስን በደማስቆ ጠላቶቹ በር በሩን ሲጠብቁት በቅጥሩ ላይ በቅርጫት አውርደውታል። በገመድ። ገመድና መዘውር ደግሞ የእኔ እንጀራ ነው፤ ስንት ቆርቆሮ ሰቅዬበታለሁ። ደረጃው ካልሆነ በመስኮቱ። ማንንም ማስቸገር የለም።

ለእትዬ ነገርኳት። «ጳውሎስ ዳሌው አልተሰበረም ነበር» አለች። ቀጥላ «ገመዱንስ የያዘው አንድ ሰው ነው ወይ?» አለች። መጽሐፉን አየሁ። ደቀ መዛሙርቱ ይላል። ብዙ ናቸው። ቢሆንም መዘውር አልነበራቸውም።

ሰኞ

መስኮቱን ከነፍሬሙ ነቀልኩ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ወፍራም አጣና በመስኮቱ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ መዘውሩን አሰርኩ። አሮጌ በር እንደ አልጋ አጋደምኩ፤ በአራቱ ማዕዘን ገመድ አስገባሁ፤ በእሷ ክብደት ልክ አሸዋ በጆንያ ጫንኩበት። ገመዱን ብቻዬን ይዤ ለቀቅ ለቀቅ አደረግሁ። ግማሽ መንገድ ድረስ እንደ ቅቤ ወረደ። ከዚያ የራስጌው በኩል ከበደ። አንድ ሰው ሁለት ጫፍ ማረም አይችልም። በሩ ዘመመ፤ ጆንያው ተንሸራተተ፤ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ፈነዳ።

ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። «ጋሼ! ምንድን ነው ከሰማይ የሚዘንበው?»

«አሸዋ ነው።»

«አሸዋነቱንማ አየሁት! ራሴ ላይ አርፎ ቢሆን መግነዜን ማን ይሰፋልኝ ነበር?»

ከዚያ ቀና ብሎ ገመዱን አየ፤ በሩን አየ፤ የተነቀለውን መስኮት አየ። ሳቁ ጠፋ። «እትዬን ሊያወርዱ ነው?»

«ሙከራ ነው።»

«እኛ እያለን ጋሼ?»

«ታፔላህን ከአሸንዳዬ ላይ አንሳ» አልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም።

ፎቅ ስወጣ እትዬ «በእኔ ቦታ የተጫነው አሸዋ ነው የወደቀው?» አለች። አዎ አልኳት። «ሞተ?» አለች። ሞተ አልኳት። ሳቀች። ሳቁ ዳሌዋ ጋ ሲደርስ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ማክሰኞ

ጠዋት ስወርድ ታፔላው የለም። አሸዋውም ተጠርጓል። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ቀና አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስኮቱን መልሼ መታሁት። ነፋስ ያስገባል። በፊት አያስገባም ነበር።

ዓርብ

ነርሷ አገላብጣ አየቻት። ቀዩ ነገር ተከፍቷል። ሽታ አለው። ውጭ ጠርታኝ «አባባ፣ ይህ ቁስል አጥንት ከነካ እግሯ ሳይሆን ነፍሷ ነው የሚሄደው። ምንድን ነው የሚጠብቁት?» አለች። ዝናቡ ጋብ ይበል ብዬ ነው አልኳት። የምሬን እንደሆነ ለማወቅ ይመስል አየችኝ።

እሑድ

ትኩሳት። ውኃ ብቻ።

ሰኞ

ትኩሳት። በግራ ጎኗ አልቻለችም። ላንብብልሽ አልኳት። ምን እንደምትል አልገባኝም። ማርቆስን አወጣሁ፤ ሁለት ቃል ዘለልኩ። አላረመችኝም።

ማክሰኞ

ደግሜ ዘለልኩ። ሆን ብዬ። አላረመችኝም።

ረቡዕ ማታ

የጸሎት ቤቱ ሰዎች ረቡዕ ማታ ማታ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ሄድኩ። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው ኮት እንኳ አልደረብኩም። ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ሰማሁ። እያፈሰሰ ነው፤ ባልዲ አስቀምጠውለታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ድምፅ ከዝማሬ ይልቅ ይጥመኝ ነበር።

በሩ ተከፈተና ሲሊኮን ባልዲውን ሊደፋ ወጣ። እንዳየኝ ባልዲውን ይዞ ቀረ።

«ጋሼ?»

«እያፈሰሰባችሁ ነው» አልኩት።

«ያፈሳል። እጄ አልደረሰበትም፤ እውነቴን ነው። እርስዎን ለመጥራት ፈርተው እኮ ነው እኔን የጠሩኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ፈርተው። ግን ጊዜው የእሱ አልነበረም። «እትዬ…» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣም።

ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። «ስንት ሰው?» አለኝ።

አራት ጣቴን አሳየሁት።

አልለመንኩም። ይህ ይጻፍልኝ። ጣት ነው ያሳየሁት። እሱ ገብቶ ሁለት ሰው አስከትሎ ወጣ። አራተኛው ልብስ ሰፊው ሆነ። ማን እንደጠራው እንጃ፤ ቤቴ ስንደርስ ጨርቅ በክንዱ ይዞ ደረጃው ሥር ቆሟል። አምቡላንሱንም ደውሎ ጠርቶታል።

አንድ ጣውላ ላይ አጋድመው፣ በጨርቁ ከጣውላው ጋር እንደ ሕፃን ጠቀለሏት። መታጠፊያው ላይ ሲሊኮን በዓይኑ ለካ። «ጋሼ፣ መደገፊያው መነሣት አለበት» አለ። ያንን መደገፊያ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ነው ቀለም የቀባነው። «ከታች ጀምር፤ ሚስማሩ ከጀርባ ነው» አልኩት። ሲነቀል የሚጮኸውን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ።

አንዱን ማዕዘን ልይዝ ቀረብኩ። ልብስ ሰፊው በክርኑ ገፋ አድርጎ «እርስዎ መብራቱን ይያዙልን፣ ከፊት ከፊት» አለኝ። መብራቱን ያዝኩ። በገዛ ደረጃዬ ላይ መብራት ያዥ ሆንኩ። ከላይ «ቀስ»፣ ከታች «ያዝ ያዝ»፣ መሃል ላይ «ጣቴን!» የሚል ጩኸት። እትዬ ዓይኗን ገልጣ «ማን ማን ናችሁ?» አለች። አንድ በአንድ ነገሯት። «ወንድሜስ?» አለች። «እዚህ ነኝ፣ ከፊትሽ» አልኳት። ዞሬ አላየኋትም፤ መብራቱ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው።

አምቡላንሱ ውስጥ ያው ወጣት ነበር። አወቀኝ። ፊቷ ላይ የወረደውን ዝናብ በእጅጌው ጠረገላት።

ሐሙስ

ሆስፒታል ነኝ፤ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ትዕግሥት የለውም። ቁስሏን ገልጦ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ይህ የዛሬና የትናንት አይደለም። ማን ነው እስከ አሁን ቤት ያስቀመጣት? አስታማሚው ማን ነው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ይመስለኛል ልናገር ነበር።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አለች እትዬ፣ በዚያች ባለቀች ድምፅ። «ሆስፒታል እፈራለሁ፤ አልሄድም ብዬ እሱን አስቸገርኩት። ስንት ጊዜ ለመነኝ።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ አባባ፣ የታመመ ሰው እምቢ ቢል ይሰማል እንዴ?» ነርሶቹም አዩኝ፤ በሐዘኔታ ነው ያዩኝ። ከንፈር የመጠጠልኝም አለ። ዝም አልኩ። እሷ በሕይወቷ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።

ዶክተሩ ሲሄድ «ሳሙና የለኝም፤ ሄደህ ግዛልኝ» አለችኝ። ፊቴን እንዳታይ ነው የላከችኝ።

ጴጥሮስ እሳት ሲሞቅ «አላውቀውም» ብሎ ካደ። ያንን ምዕራፍ ሁልጊዜ ሳነብ እንዴት ያለ ፈሪ ነው እል ነበር። ጴጥሮስ ግን ቢያንስ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ወጥቼ ሳሙና ገዛሁ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አሳየኝና መረጥኩ ደግሞ።

ቅዳሜ

ቁስሉ ካልደረቀ ዳሌዋን አይነኩትም። ይደርቃል ወይ ስላቸው «እናያለን» ይላሉ። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዕድሜዬ አውቃለሁ።

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩን ጠብቄ ያዝኩት። «ዶክተር፣ እህቴ የነገረችህ ውሸት ነው። አምቡላንሱን ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ደረጃዬን ሰደቡብኝ።»

«ምንዎን?»

«ደረጃዬን።»

ብዙ አየኝ። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ብብቱ ሥር አድርጎ «አባባ፣ አሁን ይህን ማወቄ ለቁስሉ ምን ይጠቅመዋል?» አለና ወደሚቀጥለው ክፍል ገባ። እውነቱን ነው፤ ለቁስሉ ምንም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይቅር የሚለኝም፣ የሚጮህብኝም አጣሁ።

ወደ እሷ ተመለስኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ከፊቴ አነበበችው።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«አንተ ጅል! በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ውሸታም አደረግኸኝ። አሁን መርፌ ሊወጋኝ ሲመጣ በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

ይቅር በይኝ ልል ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በመጽሐፍ ስንት ቦታ አንብቤዋለሁ። በአፌ ግን ብዬው አላውቅምና ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ቆሜ ስታገል አይታ ሰለቸቻት መሰለኝ፤ «ትራሱን አስተካክልልኝ» አለች።

ድሮ ቢሆን እኔ የማውቀው ይበልጣል ብዬ በራሴ ልክ ነበር የማስተካክለው። ጎንበስ አልኩ። ጭንቅላቷን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ እንደ እሳት ይፋጃል።

«እንዲህ ይሻልሻል ወይስ እንዲህ?» አልኳት።

አልመለሰችም። ትንፋሿን አዳመጥኩ። አለ።

«እትዬ» አልኳት ደግሜ። «ንገሪኝ እስቲ። እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ?»